ከወገቤ የሚነሳው ሙቀት

ቡሬ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእማሆይ እህተ ማርያም፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ የሽንኩርት መደብዎስ? እኔ ደኅና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ «ደኅና ነኝ ብቻ ብለህ እንዳትጽፍልኝ» ብለው ስላስጠነቀቁኝ ተውሁት። ወደ ፈረስ ቤት ከተማ የሚመላለሰው መኪና ረዳት የሆነው ስመኘው ደብዳቤዎን ያደረሰልኝ ትናንት ነው። ገዳማችሁ ስልክ ቢገባ ኖሮ ይህን ሁሉ በድምፄ እነግርዎት ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ባለመግባቱ ደስ ብሎኛል። ፊት ለፊት የምደፍረው ነገር አይደለም።

ለጥምቀት እናትህን ብቻዋን ለምን ላክሃት ብለዋል። እናቴ «ሥራ በዝቶበት ነው» ብላዎት ከሆነ ለእኔ አዝና ነው። የቀረሁት ታቦቱ ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል እንዳልንቀጠቀጥ ፈርቼ ነው።

ብረት እንደምሠራ ያውቃሉ። ጓሯችን ባለችው ቆርቆሮ ቤት፣ የወተት ጣሳ በሲሚንቶ ሞልቼ፣ የመኪና ብረት መሀሉን አሳልፌ፣ የሰፈሩን ልጆች አሠራለሁ። እንጀራዬ ከሆነም ሰነበተ። ክረምት ላይ በስልኬ አንድ ቪዲዮ አየሁ። ሕንዶች ከጀርባ አጥንት ሥር የተኛ ኃይል አለ ይላሉ፤ ኩንዳሊኒ ነው ስሙ። ትንፋሽን አፍኖ ይዞ አንድ ቃል በልብ መደጋገም ያነቃዋል፣ የነቃለት ሰው ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል ይላል ሰውዬው። ቃሉ የባዕድ ሆኖ አስፈራኝ። ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? የእነሱን ቃል አውጥቼ ኪርያላይሶን ተካሁበት። እንዲህ ከሆነ ንጹሕ ይሆናል ብዬ ነው። ትንፋሼን አፍኜ አርባ አንዱን በልቤ እጨርስና ብረት ሥር እገባለሁ።

መጀመሪያ ጉልበቴ እውነትም ጨመረ። ከኅዳር ወዲህ ግን ከወገቤ ሥር አንድ ሙቀት እየተነሳ በጀርባዬ ሽቅብ ይወጣል፤ ማጅራቴ ሲደርስ ትከሻዬ ይዘላል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ጆሮዬ ውስጥ ንብ የገባ ይመስለኛል። እንቅልፍ የለኝም። አንዳንዴ ያለምክንያት አለቅሳለሁ። ለከተራ ዋዜማ እናቴ ልታጎርሰኝ ስትጠጋ እጄ ዘሎ ሳህኑን ደፋው። እሷም እዚያው ስለት ተሳለች፤ ፋሲካ እንዳለፈ ጠበል ትወስደኛለች።

ጠበል ጠልቼ አይደለም እማሆይ። እዚያ እንደ እኔ የሚንቀጠቀጠውን እጁን በገመድ አስረው ነው የሚያስጠምቁት። የጎረቤታችን ልጅ ክረምቱን ታስሮ ከርሞ ሲመለስ ቀና ብሎ ሰው ማየት ትቶ ነበር። እብድ ተብዬ በገመድ መታሰርን ነው የምፈራ። አንድ ጊዜ ከታሰርሁ ደግሞ ልጁን ብረት እንዲሠራ ወደ እኔ የሚልክ ወላጅ ቡሬ ላይ አይኖርም።

ይህ ነገር ከእግዚአብሔር ነው ወይስ ከዚያኛው? ይንገሩኝ። ለእናቴም አንድ ቃል ይጻፉላት፤ የእርስዎን ትሰማለች።

ልጅዎ ቂርቆስ


የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ቂርቆስ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ለቤትህም፣ ለእናትህም። የዘገየሁበት ምክንያት አለኝ፤ ዛሬ አልነግርህም። ተቆጥታ ነው ብለህ ከሆነ አልተቆጣሁም። ትንሽ ስቄያለሁ፣ ይቅር በለኝ። የሰው አገር ዕቃ ክርስትና አንስተህ ቤትህ ማስገባትህ ነው ያሳቀኝ። ስሙን ስትለውጥለት ጠባዩ አብሮ የሚለወጥ መሰለህ? ኪርያላይሶን እኮ ከሰው ጋር ቆመው፣ ድምፅ ከድምፅ ገጥሞ፣ አየሩ እየገባ እየወጣ የሚባል ነው። ጓሮ ተደብቆ ትንፋሽ አፍኖ የሚባል ኪርያላይሶን ካንተ በፊት አልሰማሁም።

ከማን ነው ላልኸኝ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ አላውቅም። ሙቀቱን ግን አውቀዋለሁ። ገዳም በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ከታዘዝሁት በላይ ሰግጄ፣ ከታዘዝሁት በላይ ጾሜ፣ ያው አንተ ያልኸው ከወገቤ ተነስቶ አናቴ ድረስ ወጣ። ገላዬን ጉንዳን ወረረው። ሌሊቱን ስንቀጠቀጥ አደርሁና «በቃ ቅድስት ሆንሁ» ብዬ እመ ምኔቷ ዘንድ እየሮጥሁ ሄድሁ። ሁሉን ነገርኋት። ሰምታ ስትጨርስ «ትናንት በልተሻል?» አለችኝ። ስግደቱን ከለከለችኝ፣ በቀን ሁለት ጊዜ አስቀርባ አበላችኝ፣ መደብ ሰጥታ ሽንኩርት አስተከለችኝ። እስኪሄድልኝ ወራት ፈጀ። ቅድስናውም አልመጣ፣ ሽንኩርቱ ግን አማረ።

እና አንተም ያንን የትንፋሽ አፈና ከዛሬ ጀምረህ እርግፍ አድርገህ ተው። ሐኪም ቤት ሂድ፤ እኔ መነኩሲት እንጂ ሐኪም አይደለሁም፣ ልብህ ወይም ደምህ ሌላ ነገር ይኖረው እንደሆን ይታይ። ብረቱን ጣለው አልልህም። የእጅህን ሥራ ከወሰድሁብህ ምን ይዘህ ልትውል ነው? አቅልለው ግን። በልተህ አንሳ፣ ተኝተህ ያደርህ ቀን አንሳ፣ ሰው አጠገብህ ይቁም። ስታነሳ ትንፋሽህ ይውጣ፤ እያነሳህ ማውራት ካቃተህ በዝቶብሃል ማለት ነው። ሙቀቱ ሲነሳ ልበልጥህ ነው ብለህ አትታገለው፤ አስቀምጠህ፣ ጫማህን አውልቀህ፣ እግርህን አፈር አስነክተህ ቁጭ በል። እየፈራህ ብቻህን አትሁን። በዚህ ብቻ ነው የምቆጣህ፤ ይህን ሁሉ ወር ብቻህን በመሆንህ።

«ለእናቴ ይጻፉላት» ያልኸኝን አላደርገውም። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። አንተው ንገራት።

እህተ ማርያም


ቡሬ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማሆይ፣

እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሰዎ። ሐኪም ቤት መሄዴን ሰምተው በስመኘው አፍ «ሐኪሟ ምን አለችህ፣ በልተህስ ነው ወይ የምታነሳ፣ አንዱንም ሳታስቀር» ብለው ስለላኩብኝ ሁሉንም እጽፋለሁ።

ሆስፒታል ያገኘችኝ ሲስተር ህይወት የምትባል የዚሁ የቡሬ ልጅ ናት። ግፊቴን ለካች፣ ደም አስወሰደች፣ አንገቴን እየዳሰሰች እንቅርት ፈለገች፣ የልቤን ምት በማሽን አሳየችኝ። መክሳቴንና እንቅልፍ ማጣቴን እንጂ ሌላ አላገኘችም። ስለ ቪዲዮው ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። «እንቅልፍ አጥቶ፣ ትንፋሽ አፍኖ፣ ከባድ ነገር የሚያነሳ ሰው ባይንቀጠቀጥ ነበር የሚገርመኝ» አለች። ትንፋሽ ሲታፈን ግፊት ሽቅብ እንደሚወጣ፣ ራስ አዙሮ ብረት ሥር ሊጥለኝ እንደሚችል ነገረችኝ። ራሴን ከሳትሁ፣ ወይም ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰማሁ ሳላድር እንድመጣ አዝዛኛለች። የጭንቀት ሐኪም እንዲያየኝም ቀጠሮ ይዛልኛለች። ስትናገር እብድ ነው የሚል ነገር ፊቷ ላይ ፈልጌ አጣሁ። እውነቴን ነው እማሆይ፣ ከዚያ ስወጣ እርምጃዬ ራሱ ቀሎኝ ነበር።

ያልጠየቁኝን ልጨምር፤ የትንፋሹን ነገር ትቻለሁ። ብረቱን በግማሽ ቀንሻለሁ። ባምላኩ፣ ያ ከእኔ ጋር የሚሠራው ጓደኛዬ፣ ከራስጌዬ ይቆማል። ሙቀቱ ይመጣል፤ እንደ ድሮው ግን አያስበረግገኝም። ትናንት ሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነቃሁ።

አሁን ወደ ፈራሁት ጥያቄዎ ልምጣ። በልቼ ነው ወይ የማነሳ? አይደለም። ቤታችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። ባምላኩ የሚመቸው ጠዋት ነው። ሲስተር ህይወት ብላ ብላኛለች፤ ግን ጠዋት እህል ከቀመስሁ እናቴ ለምን ትለኛለች። ለምን ካለችኝ ሐኪም ቤት መሄዴ ይወጣል፣ እሱ ከወጣ ቪዲዮው ይወጣል፣ ኩንዳሊኒ የሚለውን ስም ስትሰማ ደግሞ የጋኔን ስም የጠራሁ ይመስላታል፤ ያኔ ፋሲካንም አትጠብቅም። ዛሬ እነግራታለሁ እያልሁ ወደ ቤት እገባለሁ፤ ሽሮዋን አቅርባ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ አመስግኜ በልቼ እተኛለሁ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ቂርቆስ


መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቂርቆስ፣

ሰላምታውን ለሚቀጥለው አቆይቼዋለሁ።

ይህ የምትጾመው ጾም ለማን ነው? ለእግዚአብሔር እንዳልል ሚስጥርህን መሸፈኛ አድርገኸዋል። እኔ ይህን ቆብ የጫንሁ ሴትዮ፣ በጾም ብላ ስልህ ቀልሎኝ መሰለህ? የታመመ ሰው ለንስሐ አባቱ ነግሮ ይፈታለታል፤ ደንቡ ያለ ነው፣ እኔ አልፈጠርሁትም። ነገውኑ ሂድና ንገራቸው። መናገር ካቃተህ ይህን ወረቀት ስጣቸው።

የንስሐ አባትህ ለእናትህ አይነግሯትም። ግን እሷን ከሁሉ በኋላ የምትነግራት ምን በድላህ ነው? ደጋግመህ «ትወስደኛለች፣ ታሳስረኛለች» ትለኛለህ። አሳስረዋለሁ ስትል በጆሮህ ሰምተሃል? ወይስ አንተው አስበህ አንተው ፈረድህባት?

ሳትበላ፣ ሰውም ሳይኖር ብረት ሥር እንዳትገባ። ይህችን አንዲት ነገር እንኳ ስማኝ ልጄ።

እህተ ማርያም


ቡሬ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እማሆይ፣

ሦስት ጊዜ ልከውብኝ ዝም ያልሁት ንቄዎት አይደለም። ስለ ደረቴ ስመኘው የነገረዎት እውነት ነው። ተሰብሯል ያለው ግን የእሱ ጭማሪ ነው፤ ራጅ ተነስቼ አጥንቴ ደኅና ነው፣ ሥጋው ነው የበለዘው። መሳቅና ማስነጠስ እንጂ ሌላው አይከለክለኝም። የእናቴ እጅም እያገገመ ነው። እሱን አለመንገሩ ነው የሚገርመኝ።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ነበር፤ ከደጃቸው ተመለስሁ። በማግስቱ ባምላኩ ለጉዳይ ፍኖተ ሰላም ሄደ። ሌሊቱን ደኅና ተኝቼ ስላደርሁ አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክር ብዬ ገባሁ። ሳልበላ። የቀነስሁትን ክብደትም መለስሁት። በጀርባዬ ተኝቼ ብረቱን ወደ ደረቴ እንዳወረድሁት ሙቀቱ ተነሳ፤ ክንዴ ሸሸኝ። ልጮህ ብል ትንፋሽ የለም። እናቴ ጓሮ ልብስ ታሰጣ ነበር። አንደኛው ጣሳ ከቆርቆሮው ሲጋጭ ሰምታ ገባች። ያንን ብረት ባምላኩ እንኳ ሲያነሳው ፊቱ ይቀላል፤ እንዴት አድርጋ ከላዬ እንዳነሳችው ዛሬም አልገባኝም። ለእሷም አልገባትም። አንጓዋ የዞረው ያኔ ነው።

መሬት ላይ ተቀምጣ፣ የታመመ እጇን ታቅፋ፣ «አሁን ንገረኝ» አለች። ነገርኋት። ቪዲዮውን፣ ኪርያላይሶኑን፣ ሐኪሟን፣ ለእርስዎ የጻፍሁትን ሁሉ። ኩንዳሊኒ ስላት ስሙን እንኳ ልብ አላለችውም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ። «የፈራኸው ጠበሉን ነው፣ እኔን?»

ምን ብዬ ልመልስ እማሆይ? ከዚያ ወዲህ አታዋራኝም። ጠዋት ጠዋት ግን ገንፎ ሠርታ ራስጌዬ ታስቀምጥልኛለች፤ ለንስሐ አባቴ እሷው ሄዳ ነግራቸው እሺ ብለዋል። ስለ ስለቷ አታነሳም፤ የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት የሚወስደንን መኪና ግን እንዳስያዘች ከሰው ሰምቻለሁ።

ገመዱን አልነገርኋትም። እሱን ብነግራት «አዎ፣ እኔን ነው የፈራሁት» ማለት መሰለኝ። እንቢ ልበላት?

ቂርቆስ


ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ሰሙነ ሕማማት ነው፤ በስግደትና በስግደት መሀል ስለሆነ የምጽፍልህ አጭር ነው። እግዚአብሔር ይመስገን አለህልኝ። ደብዳቤህን ይዤ አልቅሻለሁ፤ እዚህ በዚህ ሳምንት ማንም ቢያለቅስ ምን ሆነሽ አይባልም፣ እሱ ጠቅሞኛል።

አሁን ከኪዳኔ ልፈታ። ለእናትህ አልጽፍም ያልሁህ ምላስ ታስሮብኝ ነው። ኅዳር ላይ፣ አንተ ገና ሳትጽፍልኝ፣ እናትህ ሸጋዬ እዚህ ድረስ መጥታ ነበር። መንቀጥቀጥህን ካንተ ቀድማ አይታዋለች። ሌሊት ስትንጎራደድ በር ሥር ቆማ ታዳምጥህ ነበር። «ብጠይቀው ደንግጦ ቤቱን ጥሎብኝ ይጠፋል፣ አንድ ልጅ ነው ያለኝ» ብላ እስኪመሽ አለቀሰችና ላንተ እንዳልነግርህ አስማለችኝ። በጥር ደግሞ ያንተ ደብዳቤ መጣ። ሁለታችሁ በአንድ ጣሪያ ሥር አድራችሁ፣ ተራ በተራ ለእኔ ትነግሩኛላችሁ። ያቺ የዘገየሁባት ደብዳቤ የዘገየችው ምን ብዬ ልጻፍ እያልሁ ነው። ሕመምህን አሁን አንተው ነግረሃታልና መሐላዬ ከእንግዲህ አያስፈልግም።

እንቢ አትበላት። ስለት ነው፣ ከነልቧ ተስላዋለች፣ ሂድላት። ጠበሉም የሐኪሟን ቀጠሮ አይከለክልም። ገመዱን ግን ንገራት። እሷን የፈራህ ቢመስላትስ? ፈርተሃታል እኮ። እሷም አንተን ፈርታለች።

እህተ ማርያም


ቡሬ፣ ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እማሆይ እህተ ማርያም፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ። እናቴም ሰላም ብላለች፤ «በመሐላ አስሬያት ነበር፣ ይቅር ትበለኝ» በልልኝ ብላለች።

አሁን ስንት ታነሳለህ ብለዋል። የድሮዬን ግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች። ከምሳ በኋላ ነው። ባምላኩ ራስጌዬ ቆሞ የሰፈሩን ወሬ እየጠየቀ ያስለፈልፈኛል፤ ወሬዬ ከተቋረጠ ብረቱ ይቀመጣል። የሚሠሩት ልጆች ይስቁብናል፤ እነሱንም ትንፋሽ እንዳያፍኑ እንደዚያው እያስወራሁ ነው የማሠራቸው። ሙቀቱ ሙሉ በሙሉ አልሄደም። ሲመጣ ጫማዬን አውልቄ ቁጭ እላለሁ፣ ቆይቶ ይሄዳል። ሁለተኛውንም ሐኪም አይቻለሁ፤ ጨዋ ሰው ናቸው፣ በየወሩ እንድመለስ ነግረውኛል።

ስለ ጠበሉ ሰው ብዙ ብሎዎት ይሆናል። ከእኔ ይስሙት።

ገመዱን የነገርኋት መኪና ውስጥ ነው፤ ሌላ ጊዜ አጥቼ ሳይሆን ወኔ አጥቼ እዚያ ደረስሁ። የጎረቤታችንን ልጅ ነገርኋት፣ እንደ እሱ አንገቴን ደፍቼ መመለስን እንደምፈራ ነገርኋት። ወደ መስኮቱ ዞረች። እስክንወርድ ድረስ ፊቷን አላሳየችኝም።

ማለዳ ነበር፣ የወንዶች ተራ። ሴቶቹ ከአጥሩ ውጭ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ልብሴን አውልቄ ገባሁ። ውኃው በረዶ ነው፤ ማጅራቴን ሲመታኝ መንቀጥቀጥ ጀመርሁ። ከወገቤ የተነሳው ይሁን ብርዱ እኔም አልለየሁትም። ወዲያው ሁለት አስታማሚዎች ገመድ ይዘው መጡ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። «ድንጋዩ ላይ እንዳትወድቅ ነው ወንድሜ» አለኝ አንዱ፣ እጄንም ቀስ ብሎ ነበር የያዘው። ሁለቱን እጄን ሰበሰብሁና ሰጠሁት። እማሆይ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን አልጽፈውም።

እናቴ ከነቀሚሷ፣ ከነነጠላዋ ገባች። «ሴትዮ፣ ተራሽ አይደለም» የሚሉ ድምፆች ከኋላ ይሰማሉ። «ልቀቀው» አለችው። «ሲንቀጠቀጥ እኔ እይዘዋለሁ።» ገመዱን ከእጄ ላይ ራሷ አወረደችውና ደረቴን ዙሪያውን አቅፋ ውኃው ሥር ቆመች። አጭር ናት፣ ራሷ ከአገጬ በታች ነው። የበለዘው ቦታ አመመኝ፣ አልነገርኋትም። ውኃው ሁለታችንንም ይመታናል። እንዳቀፈችኝ እሷም መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ታለቅስም ነበር መሰለኝ፣ በዚያ ውኃ መሀል እንባ አይለይም።

አጥማቂው አባ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ዓይናቸው ደክሟል። ተጠግተው እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ተመልሰው እሷን አዩ።

«የታመመው ማንኛችሁ ነው?» አሉ።

«ሁለታችንም ነን አባ» አለቻቸው እናቴ።

ልጅዎ ቂርቆስ